የአረጋውያን የቤት ለቤት በጎ ፈቃድ እርዳታ በብቸናና በሞጣ

የአረጋውያን የቤት ለቤት በጎ ፈቃድ እርዳታ ማለት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ከቤታቸውና ከሰፈራቸው ሳይለዩ መኖር እንዲችሉ ጎረቤት፣ ዘመድ፣ ማኅበር ወይም የአካባቢ ወጣት ያለ ክፍያ የሚሰጠው የጉልበት፣ የምግብ፣ የእንክብካቤና የጉብኝት እርዳታ ነው። በአማራ ክልል ምሥራቅ ጎጃም በሚገኙት የብቸናና የሞጣ ከተሞች እንዲሁም በዙሪያቸው ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ይህ እርዳታ በአብዛኛው የሚሰጠው ለዚሁ ሥራ በተቋቋመ ድርጅት አይደለም። የሚሰጠው በወንፈልና በደቦ፣ በሰንበቴና በማኅበር፣ በእድር፣ በዘካና በሰደቃ እንዲሁም በክረምት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። እነዚህ ልማዶች ለእርሻ፣ ለበዓል፣ ለቤት እድሳትና ለቀብር ጠንካራ ናቸው። በየቀኑ ለሚያስፈልገው ውሃ መቅዳት፣ እንጨት ማምጣትና መጠየቅ ግን ቋሚ ተረኛ የላቸውም።

ስያሜ

«አረጋዊ» የግዕዝ ቃል ሲሆን በሀገሪቱ ፖሊሲዎች ዕድሜው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ሰው ያመለክታል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም ብዙ ጊዜ የሚጠቀመው ይህንኑ የዕድሜ ወሰን ነው። በቀበሌና በወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በብዛት የሚሰማው «አቅመ ደካማ» የሚለው ቃል ግን ከአረጋዊ ጋር አንድ አይደለም። ድሃ፣ በሽተኛ፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ደጋፊ የሌለው ሰው ሁሉ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን አቅመ ደካማ ሊባል ይችላል። በሌላ በኩል ልጆችና ሀብት ያለው አረጋዊ አቅመ ደካማ ተብሎ ላይመዘገብ ይችላል።

«ጧሪ» የሚለው ቃል «ጦረ» ከሚለው ግሥ የመጣ ነው፤ በእርጅና ዘመን የሚመግብና የሚንከባከብ ማለት ነው። «ጡረታ» እና «መጦሪያ» የሚሉት ቃላትም ከዚሁ ግሥ የወጡ ናቸው። በአማርኛ ቃሉ ብዙ ጊዜ «ጧሪ ቀባሪ» ተብሎ በጥንድ ይነገራል። ጥንዱ ሁለት ግዴታዎችን ይዟል፤ አንዱ ሰውየው በሕይወት ሳለ ማኖር ሲሆን ሌላው ሲሞት በክብር መቅበር ነው። የቀባሪነቱን ድርሻ ከቤተሰብ ጋር የሚጋራ እድር የሚባል ተቋም አለ። የጧሪነቱ ድርሻ ግን ዛሬም በዋናነት በልጆች ላይ ነው።

አካባቢው

ብቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ማዕከል ሆና የቆየች ከተማ ናት። ሁለቱም ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። አካባቢው ደጋና ወይና ደጋ ሲሆን ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ይመረትበታል። ጤፍ ደጋግሞ ማረስን፣ በእጅ ማረምንና በጎንበስታ ማጨድን ስለሚጠይቅ ጉልበቱ ላለቀ ገበሬ ከባድ ሰብል ነው።

በአካባቢው ያሉ አረጋውያን አኗኗር በሁለት ይከፈላል። በገጠር የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ የራሳቸው ቤት፣ ጓሮና የእርሻ ይዞታ አላቸው፤ የሚያጥራቸው ጉልበትና በሬ ነው። በከተማ የሚኖሩት ደግሞ በግል ቤት፣ በኪራይ ወይም በቀበሌ ቤት ይኖራሉ። የቀበሌ ቤቶች በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ የተወረሱ ሲሆኑ ኪራያቸው ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ገቢ ለሌላቸው አረጋውያን ዋና መጠለያ ሆነው ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ ግን ያረጁ የጭቃ ቤቶች ናቸው። ልጆቻቸው የራቁባቸው የገጠር ሴቶችም በእርጅና ጊዜ ወደ ከተማ መጥተው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ አነስተኛ ክፍል ተከራይተው ጥጥ እየፈተሉ ወይም በጉልት እየቸረቸሩ ሲኖሩ ይታያል።

ብቻቸውን ከሚኖሩ አረጋውያን መካከል ሴቶች ይበዛሉ። ሴቶች በዕድሜ የሚበልጧቸውን ወንዶች ማግባታቸው የተለመደ ስለሆነ ባሎቻቸው ቀድመው ይሞታሉ። ወጣቶች ለትምህርትና ለሥራ ወደ ደብረ ማርቆስ፣ ባሕር ዳርና አዲስ አበባ፣ ለወቅታዊ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ፣ ወጣት ሴቶች ደግሞ ወደ ዐረብ አገሮች ስለሚሄዱ ወላጅን በቅርብ የሚረዳ ሰው ያንሳል።

በቤት የመኖር ትርጉም

ወደ ከተማ የወጣ ልጅ ወላጁን ወስዶ እቤቱ ማኖር እንደ ቀላል መፍትሔ ይታየዋል። ለአረጋዊው ግን ቤቱን መልቀቅ ብዙ ነገር ማጣት ነው። የሚያውቁት ደብር ወይም መስጊድ፣ የንስሐ አባት፣ ለዓመታት ሲያዋጡለት የኖሩት እድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ የቤተሰብ መቃብርና የሚያወጋቸው ጎረቤት ሁሉ ባሉበት ይቀራሉ። የእርሻ መሬት ያለውም መሬቱን በቅርብ የሚያይለት ያጣል። በተጨማሪም በሰፈሩ ሽምግልና የሚቀመጥ፣ የሚመርቅና የሚመክር የነበረ ሰው በማያውቀው ከተማ የሚጠበቅ እንግዳ ይሆናል።

አረጋዊው በቤቱ መቆየት መቻሉን የሚወስኑት ነገሮች በአብዛኛው ጥቃቅን የሚመስሉ የዕለት ሥራዎች ናቸው። ዋና ዋናዎቹ፦

• ውሃ፦ ከቦኖ ወይም ከምንጭ በጀሪካን መቅዳትና ተሸክሞ ማምጣት፤
• ማገዶ፦ እንጨትና ኩበት መሰብሰብ፣ መፍለጥ፣ ለክረምት ማከማቸት፤
• ምግብ፦ እህል ወደ ወፍጮ ቤት መውሰድ፣ ሊጥ ማቡካትና እንጀራ መጋገር፤
• ቤት፦ ክዳን መጠገን፣ የተሰነጠቀ ግድግዳ መምረግ፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ መቅደድ፤
• ንጽሕና፦ ልብስ ማጠብ፣ ገላ ማጠብ፣ መጸዳጃ ቤት ድረስ መደገፍ፤
• ጤና፦ ሐኪም ቤት ማድረስ፣ መድኃኒት በሰዓቱ መውሰዱን ማየት፤
• ጉዳይ፦ ወደ ቀበሌ፣ ወደ ባንክ ወይም ወደ ጡረታ ክፍያ ቦታ መሄድ፤
• ጉብኝት፦ በየቀኑ «እንዴት አደሩ» ብሎ በሩን ማንኳኳት።

ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ሌሎቹ ይከተላሉ። ለምሳሌ እንጀራ መጋገር ያልቻለች አሮጊት ቆሎና ንፍሮ ብቻ መብላት ትጀምራለች፤ ጥርስ ከሌላት ያም ያቅታታል። ከዚያ የሚመጣው ድካም መውደቅን ያስከትላል። በክረምት ጭቃ ላይ የሚደርስ መውደቅና የዳሌ አጥንት ስብራት ደግሞ አንድን ሰው ከቤቱ ከሚያስወጡት ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው።

ነባር የመረዳጃ ልማዶች

ወንፈል፣ ደቦና ጅጌ። ወንፈል ገበሬዎች በተራ አንዱ ለሌላው የሚሠሩበት ልማድ ነው፤ የሠራ ሰው በሠራው ልክ ይሠራለታል። ስለዚህ ጉልበት መመለስ የማይችል አረጋዊ ከወንፈል በራሱ ይወጣል፤ የሚገባው ልጁ ወይም አማቹ ከተካው ነው። ደቦና ጅጌ ግን ባለጉዳዩ ጠላና ምግብ አዘጋጅቶ ሰው የሚጠራባቸው ስለሆኑ ለአረጋዊ የተመቹ ናቸው። ጎረቤት ተጠራርቶ በአንድ ቀን የአንዲትን ባልቴት ማሳ አርሶ፣ አጭዶ ወይም ወቅቶ ይበተናል። በደርግ ዘመንም በገበሬ ማኅበራት አማካይነት የዘማቾችንና የአቅመ ደካሞችን መሬት በጋራ ማረስ የተለመደ ነበር።

ሰንበቴና ማኅበር። ሰንበቴ አባላቱ በየተራ በሰንበት ምግብና ጠላ ወደ ቤተ ክርስቲያን እያመጡ አብረው የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ከሚቀርበው ላይ አባል ያልሆኑ ችግረኞች፣ አረጋውያንና የቆሎ ተማሪዎችም ይመገባሉ። በጻድቃንና በመላእክት ወርኃዊ በዓል የሚጠጣው የጽዋ ማኅበርም አባል ሲቀር ለምን እንደቀረ ስለሚጠየቅበት እንደ ጉብኝት ሥርዓት ያገለግላል። የታመመ አባል ድርሻው እቤቱ ይላክለታል።

ዘካና ሰደቃ። በሞጣና በአካባቢው የሚኖሩ ሙስሊሞች በዘካ፣ በሰደቃና በረመዳን ፍጻሜ በሚሰጠው ዘካተል ፊጥር ችግረኛ አረጋውያንን ይረዳሉ። በዒድ አል አድሃ ከሚታረደው እርድም ለድሆች ይከፋፈላል። በሰፈር ደረጃ ያለው የጎረቤት እርዳታ ግን ሃይማኖት ሳይለይ የሚደረግ ነው።

እድር። እድር አባላቱ በየወሩ እያዋጡ ሲሞቱ ወይም የቤተሰብ አባል ሲሞትባቸው የገንዘብ፣ የድንኳን፣ የዕቃና የጉልበት እርዳታ የሚያገኙበት ማኅበር ነው። ልማዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከከተሞች ወደ ገጠር ተስፋፍቷል። እድር የአባላት መዝገብ፣ ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ቀሪን የሚቀጣ መተዳደሪያ ደንብ አለው። በአንድ ሰፈር የትኛው ቤት ማን እንዳለ በትክክል የሚያውቅ ተቋም ቢኖር እድር ነው። እርዳታው የሚጀምረው ግን በአብዛኛው ከሞት በኋላ ነው። አንዳንድ እድሮች ለታመመ አባል መታከሚያ ይሰጣሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ ኤች አይ ቪ ኤድስ በተስፋፋበት ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ እድሮች የታመሙ ሰዎችን በቤታቸው በመንከባከብ ሥራ ተሳትፈዋል።

መሬትና ጧሪ

በገጠር ጧሪ ማግኘትና መሬት የተሳሰሩ ናቸው። ማረስ ያቃተው አረጋዊ መሬቱን ለእኩል አራሽ ይሰጥና ምርቱን ይካፈላል፤ ወይም ያከራየዋል። ከልጆቹ አንዱ፣ የልጅ ልጅ ወይም አብሮት የሚኖር ዘመድ እየጦረው ከቆየ በኋላ መሬቱን መውረሱም የቆየ ልማድ ነው። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠቱ አረጋውያን፣ በተለይ ሴቶች፣ መሬታቸውን ሳይፈሩ እንዲያከራዩ ረድቷል። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግም በኪራይ፣ በስጦታና በኑዛዜ ማስተላለፍን ይፈቅዳል።

ይህ ትስስር ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል መሬት ያለው አረጋዊ የሚጦረው አያጣም። በሌላ በኩል ውለታው ጥቅም ስለሚከተለው «እኔ ነኝ የጦርኩት» የሚል ክርክር በወራሾች መካከል ይነሳል፤ ጫና የበዛበት ስጦታም ያጋጥማል። መሬት የሌለው የከተማ አረጋዊ ደግሞ የሚያወርሰው ስለሌለው ከልጆቹ ውጭ የሚያገኘው እርዳታ ሙሉ በሙሉ በበጎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው።

የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት

በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉባቸው የክረምት ወራት ተማሪዎችና ወጣቶች የሚሳተፉበት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይካሄዳል። ችግኝ መትከል፣ ደም መለገስ፣ ማስጠናትና የአቅመ ደካሞችን ቤት ማደስ ዋና ሥራዎቹ ናቸው። በተለይ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የቤት እድሳቱ በመላ አገሪቱ ጎልቶ የሚታይ ሥራ ሆኗል። ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ፣ ምስማርና እንጨት ከነዋሪ መዋጮ ወይም ከነጋዴዎች ይሰበሰብና ወጣቶች በጉልበታቸው ይሠራሉ። በመኸር ወቅትም ተማሪዎች የአቅመ ደካማ ገበሬዎችን ሰብል ያጭዳሉ።

የሚያፈስ ክዳን መጠገን አረጋዊን ከብርድና ከሳንባ ምች የሚጠብቅ በመሆኑ ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ሥራው ግን በዘመቻ መልክ የሚካሄድ ነው። ወጣቶቹ መስከረም ላይ ወደ ትምህርት ሲመለሱ ቤቱ የታደሰለት ሰው ውሃ የሚቀዳለት ሳይኖር ሊቀር ይችላል።

ጤና

በብቸናም በሞጣም ሆስፒታል አለ። በየቀበሌው ደግሞ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሠራተኞች ይገኛሉ። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ዋና ትኩረቱ እናቶች፣ ሕፃናት፣ ተላላፊ በሽታና የአካባቢ ንጽሕና ስለነበሩ የአረጋውያን የቤት ውስጥ እንክብካቤ በውስጡ ሰፊ ቦታ አልነበረውም። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሙከራ ተጀምሮ በኋላ የተስፋፋ ሲሆን መክፈል ለማይችሉ አባወራዎችና እማወራዎች መዋጮው በመንግሥት እንዲሸፈን ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። መድኑ የሕክምናውን ወጪ ይቀንሳል፤ አረጋዊውን ሐኪም ቤት የሚያደርስ ሰው ግን አሁንም ያስፈልጋል።

በአካባቢው የዓይን ሕመም ልዩ ክብደት አለው። አማራ ክልል ትራኮማ (ማዝ) በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በሽታው ለዓመታት ሲደጋገም ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ዓይንን እየፋቀ ያሳውራል፤ ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል። የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀላል ቀዶ ሕክምና ማስተካከል ይቻላል። የዓይን ሞራም እንዲሁ በቀዶ ሕክምና የሚድን ነው። አንዲትን አሮጊት እጇን ይዞ ወደ ቀዶ ሕክምና ቦታ ማድረስና መመለስ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው፤ ለዓመታት በራሷ እንድትንቀሳቀስ ሊያስችላት ይችላል።

ሕግና ፖሊሲ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን እና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ልጆችን ለመርዳት እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በወላጅና በልጅ መካከል ቀለብ የመስጠት ግዴታ እንዳለ ያስቀምጣል። አማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። ሆኖም ልጁን ቀለብ ጠይቆ መክሰስ በአካባቢው እንደ ነውር ስለሚታይ ጉዳዩ በሽማግሌ ማለቁ የተለመደ ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በ1953 ዓ.ም. በድንጋጌ የተጀመረ ሲሆን የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ገበሬዎች፣ የጉልት ነጋዴዎችና የቤት እመቤቶች በሁለቱም በግዴታ አልተካተቱም። ከፖሊሲዎቹ መካከል በ1989 ዓ.ም. የወጣው የልማታዊ ማኅበራዊ ደህንነት ፖሊሲ፣ ከ1998 እስከ 2007 ዓ.ም. የተዘጋጀው ብሔራዊ የአረጋውያን የድርጊት መርሐ ግብርና በ2007 ዓ.ም. የጸደቀው ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ይጠቀሳሉ። የአፍሪካ ኅብረትም የአረጋውያን መብት ፕሮቶኮልን እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አዲስ አበባ ላይ አጽድቋል። የአረጋውያን ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ይከበራል።

መጦሪያ ማዕከላትና የቤት እርዳታ

በኢትዮጵያ በስፋት ከሚታወቁት የመጦሪያ ማዕከላት አንዱ በቢንያም በለጠ መሥራችነት በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ነው። ማዕከሉ ከጎዳና ላይ የሚያነሳቸውን ደጋፊ የሌላቸው ሰዎች ያኖራል፤ ሥራውም በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞችና በሕዝብ መዋጮ የሚካሄድ ነው። ማዕከላት ቤትም ዘመድም ለሌለው ሰው የመጨረሻ መጠጊያ ናቸው። ቤት ኖሮት ውሃ የሚቀዳለት ላጣ ሰው ግን ከማዕከል አልጋ ይልቅ የጎረቤት ተራ ይቀርባል፤ ወጪውም ያነሰ ነው።

ችግሮች

የመጀመሪያው ችግር የጊዜ ነው። ደቦ ለአንድ ቀን፣ የክረምት አገልግሎት ለሁለት ወር፣ ለቅሶ ለጥቂት ቀናት ይቆያል፤ እርጅና ግን ለዓመታት ይቀጥላል። ሁለተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። የዕለት እንክብካቤው በሴቶች ልጆች፣ በምራቶችና በሴት ጎረቤቶች ላይ ይወድቃል፤ አንዳንዴም አያቷን እንድትረዳ የተላከች ልጅ ከትምህርት ትቀራለች። ሦስተኛው ይሉኝታ ነው። ብዙ አረጋውያን «ሰው አላስቸግርም» በማለት ችግራቸውን ይደብቃሉ፤ ወልዶ ያሳደገ ሰው የባዕድ እርዳታ መቀበሉም የልጆቹን ስም የሚያጎድፍ ይመስለዋል። አራተኛው ከማኅበራቱ ውጭ መሆን ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ፣ መዋጮ መክፈል አቅቶት ከእድር የወጣ ወይም በሕመሙ ምክንያት የተገለለ ሰው የሚጎበኘው ያጣል።

በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የቀጠለው የትጥቅ ግጭት ችግሮቹን አባብሷል። በክልሉ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀ ሲሆን መንገድ በተደጋጋሚ ተዘግቷል፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለረጅም ጊዜ ተቋርጧል። ልጆች ከሩቅ በስልክ የሚልኩት ገንዘብና ወላጅን ለመጠየቅ የሚደረግ ጉዞ በእነዚህ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። መንገድ ሲዘጋ አረጋዊው የሚቀረው በእግር መድረስ ከሚችል ጎረቤት ጋር ብቻ ነው።

በሌሎች አገሮች

በብሪታንያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የሴቶች በጎ ፈቃደኞች ከቤት መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ትኩስ ምግብ ማድረስ ጀመሩ፤ አሠራሩ በኋላ ወደ ብዙ አገሮች ተዛምቷል። በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ደግሞ የቢከን ሂል ሰፈር ነዋሪዎች በቤታቸው ሆነው ለማርጀት የመሠረቱት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2002 ሥራ ጀመረ። አባላቱ እያዋጡ የመጓጓዣ፣ የጥገናና የጉብኝት እርዳታ ያገኛሉ፤ ይህን ምሳሌ ተከትለው በርካታ ሰፈሮች ተመሳሳይ ማኅበር አቋቁመዋል። መዋጮ፣ መዝገብና የአካባቢ አባልነት ያለው በመሆኑ አደረጃጀቱ ከእድር ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ እርዳታው በሕይወት ዘመን መሰጠቱ ነው።

እድርን ለጧሪነት የመጠቀም አማራጭ

የዕለት እርዳታውን ክፍተት ለመሙላት አዲስ ተቋም ከመፍጠር ይልቅ ያለውን እድር ማስፋት አንዱ አማራጭ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። 60 አባላት ያሉት እድር ብቻቸውን የሚኖሩ 4 አረጋውያን ቢኖሩትና እያንዳንዳቸው በየቀኑ አንድ ጊዜ እንዲጎበኙ ቢወሰን በቀን 4 ጉብኝት ያስፈልጋል። ይህ ለአባላቱ ቢደለደል አንድ አባል የሚደርሰው በ15 ቀን አንድ ጊዜ ነው። በተራው ቀን አንድ ጀሪካን ውሃ ማድረስ፣ እሳቱ መንደዱን ማየትና ችግር ካለ ለእድሩ ዳኛ መንገር ይበቃል። ለቀብር የቀረን ሰው የሚቀጣው ደንብ ለዚህም ሊሠራ ይችላል።

እንዲህ ያለ አሠራር ጥንቃቄ ይጠይቃል። ገላ የማጠብና የማልበስ እርዳታ በተመሳሳይ ጾታ ሰው ቢሰጥ የአረጋዊውን ክብር ይጠብቃል። ቤት ወይም መሬት የማውረስ ውል ከተራ እርዳታው መለየት አለበት። አረጋዊውም በሚችለው፣ በምርቃት፣ በሽምግልና፣ ጥጥ በመፍተል ወይም ሕፃን በመጠበቅ፣ ድርሻ ቢኖረው ተረጂ ብቻ ሆኖ አይቆጠርም። ዘላቂ ሕክምና የሚሻ ወይም ከአልጋ መነሣት ያልቻለ ሰው ግን ከጎረቤት ተራ በላይ የጤና ባለሙያ ክትትል ያስፈልገዋል።

በተጨማሪ ይመልከቱ

• እድር
• ሰንበቴ
• ደቦ
• ጡረታ
• ብቸና
• ሞጣ
• መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል